ከደለል የሚነበብ የውሃ ታሪክ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ወንዞች ወለል ላይ የሚኖሩ አከርካሪ አልባ እንስሳት

የባሕር ወለል ጥናት የሚጀምረው ከጭቃ ነው። ከመርከብ በገመድ የወረደ የብረት መንጋጋ ከወለሉ ደለል ዘግኖ ይወጣል፤ ጭቃው በወንፊት ላይ ይታጠባል፤ በወንፊቱ ላይ የቀሩት ፍጥረታት በአጉሊ መነጽር ሥር በየዓይነታቸው ተለይተው ይቆጠራሉ። የወንፊቱ ቀዳዳ ስፋት የእንስሳቱን መጠሪያ ጭምር ይወስናል። በግማሽ ሚሊ ሜትር ወይም በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ የሚቀሩት ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎችና ሸርጣኖች ማክሮፋውና ሲባሉ፣ ከዚያ ሾልከው በ63 ማይክሮ ሜትር ወንፊት ላይ የሚያዙት ደቃቆች ሜዮፋውና ይባላሉ። እነዚህኞቹ በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ የሚኖሩ ክብ ትሎችና ጥቃቅን ቅርፊት ለበስ እንስሳት ሲሆኑ፣ በዓይን ብቻ ለይቶ ማየት አዳጋች ነው። ወለልን መኖሪያቸው ያደረጉት ሁሉ በአንድ ስም ቤንቶስ ተብለው ይጠራሉ።

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም። ይሁንና የቤንቶስ ጥናት በጨው ውሃ የተወሰነ አይደለም፤ ወንፊቱም፣ መንጋጋውም፣ የአቆጣጠሩም ሥርዓት ለወንዝና ለግድብ ውሃ ያገለግላል። እንዲያውም ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች አንዷ የሆነችው ሰበታ፣ በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የብሔራዊ ዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት። ይህ ጽሑፍ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን መነሻ በማድረግ፣ የወንዝ ወለል እንስሳት ስለ ውሃው ጤንነት ምን እንደሚያስረዱና ምስክርነታቸው በምን ላይ እንደሚመሠረት ያብራራል።

የውሃው አቅጣጫ

ሦስቱ ከተሞች በካርታ ላይ ጎረቤታሞች ቢመስሉም ውሃቸው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይጓዛል። የእንጦጦ ሸንተረር የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ወሰን ነው። ከሸንተረሩ በስተሰሜን የሚዘንበው ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ በሙገር ወንዝ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። በቡራዩ በኩል ያለው ውሃ በገፈርሳ ግድብ አካባቢ አድርጎ ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ከዚያም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከወጨጫ ተራራ ተዳፋት ተነሥቶ ሰበታን የሚያቋርጠውም ወንዝ መድረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ በጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። ስለዚህ ከሦስቱ ከተሞች መካከል ውሃው ወደ ባሕር በሚወስድ መንገድ ላይ ያለው የሱሉልታ ብቻ ነው።

ከባሕር ጋር ያለው ዝምድና በሌላም በኩል ይታያል። ከሱሉልታ የሚወርደው ውሃ የሚገባበት የሙገር ሸለቆ የኖራ ድንጋይ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አካባቢውን ሸፍኖ በነበረ ጥልቀት የሌለው ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ደለል ነው። ዛሬ ለሲሚንቶ የሚፈጨው ይህ ድንጋይ በውስጡ የዛጎል ለበስ እንስሳትን፣ የዛጎል አፈር አካላት የነበራቸውን ደቃቃ ፎራሚኒፌራዎችንና የኦስትራኮድ ቅርፊቶችን ይዟል። በሌላ አነጋገር፣ የሱሉልታ ጅረት የዛሬ ቤንቶሱን ይዞ በጥንት ባሕር ቤንቶስ ላይ ይፈስሳል።

የናሙናና የጊዜ ጉዳይ

የውሃ ጥራት በተለምዶ የሚለካው በጠርሙስ በተቀዳ ናሙና ነው። ናሙናው የአሲድነት መጠኑን፣ የተሟሟ ኦክስጅኑን፣ የናይትሬትና የፎስፌት መጠኑን ያሳያል። ችግሩ ጠርሙሱ የሚናገረው ስለተቀዳበት ቅጽበት ብቻ መሆኑ ነው። ረቡዕ ረፋድ ላይ የተቀዳ ውሃ ማክሰኞ ሌሊት ስለተለቀቀ ፍሳሽ ላያስረዳ ይችላል፤ የተለቀቀው ውሃ ናሙና ቀጂው ሳይደርስ ኪሎ ሜትሮችን ተጉዟልና። ከድንጋይ ሥር የሚኖር እጭ ግን ሌሊቱን ከዚያው ነበረ። ሕይወቱን በውሃ ውስጥ የሚያሳልፈው ለሳምንታት፣ እንደየወገኑም ለወራት ስለሆነ፣ በእነዚያ ጊዜያት ያለፈውን ሁሉ ወይ ችሎታል ወይ በእርሱ ሞቷል። እንደ ዓሣ ርቆ መሸሽም አይችልም።

ይህ ማለት ግን የኬሚስትሪ ምርመራ አላስፈላጊ ነው ማለት አይደለም። እንስሳቱ ጉዳት መድረሱን ይናገራሉ እንጂ ጉዳት አድራሹን በስም አይጠሩም። ክሮሚየም ይሁን ሳሙና፣ የቤት ፍሳሽ ይሁን የእርሻ መድኃኒት ለመለየት ላቦራቶሪው ያስፈልጋል። ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ ዘዴዎች የሚያቀርቡ ጽሑፎች አልፎ አልፎ ይገጥማሉ፤ ክርክሩ ብዙ ፍሬ ያለው አይመስልም።

እስትንፋስ እንደ መለያ

አንድ እንስሳ ለብክለት ያለው ጽናት በአብዛኛው ከአተነፋፈሱ ጋር ይያያዛል። ይህ ነጥብ በደጋ ወንዞች ላይ ልዩ ክብደት አለው። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሚወርድ፣ በዚያው ሙቀት ያለ ውሃ የሚይዘው ከ6.7 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። የደጋ ወንዝ ምንም ብክለት ሳይነካው እንኳ ኑሮውን የሚጀምረው ከቆላ ወንዝ ባነሰ ስንቅ ነው ማለት ነው። ጅረቱ በድንጋይ ላይ እየተንኳለለ አየር መቀላቀሉና የውሃው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ይክሳሉ፤ ውሃው ሲረጋና ሲሞቅ ግን ካሳው ይቀራል።

በንጹሕ ጅረት ውስጥ ድንጋይ ገልበጥ ያደረገ ሰው፣ ከድንጋዩ ገጽ ላይ ተለጥፈው በጎናቸው የሚሮጡ፣ ከኋላቸው ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው እጮችን ያያል። እነዚህ ኢፌሜሮፕቴራ ናቸው። ጎልማሳው ክንፍ አውጥቶ የሚኖረው ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ የወገኑ ስም «የአንድ ቀን» ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። በሆዳቸው ጎንና ጎን በተደረደሩ ስስ ስንጥቦች ስለሚተነፍሱ ኦክስጅን ሲያንስ፣ ወይም ስንጥቡን ደለል ሲሸፍነው፣ ቀድመው ይጠፋሉ። ትሪኮፕቴራ የተባሉት ደግሞ ከአፋቸው በሚያወጡት ሐር አሸዋና ቅጠል አጣብቀው ቤት የሚሠሩ፣ ወይም በድንጋዮች መካከል ደቃቅ መረብ ዘርግተው ምግብ የሚያጠምዱ ናቸው።

በተቃራኒው ጫፍ ላይ ያሉት ቀያዮቹ ናቸው። የኪሮኖሚድ እጮች፣ ማለትም ትንኝ መሳይ ሆነው የማይናከሱት ዝንቦች ልጆች፣ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በደማቸው ውስጥ ሄሞግሎቢን አላቸው። ቅላታቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። የሰው ደም ኦክስጅን የሚሸከምበት ይኸው ንጥረ ነገር፣ ሌሎች በታፈኑበት ጭቃ ውስጥ እነርሱን ያኖራቸዋል። ቱቢፌክስ የተባሉት ቀጫጭን የደለል ትሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ራሳቸውን ጭቃ ውስጥ ቀብረው ጭራቸውን ወደ ውሃው አውጥተው እያወዛወዙ ይተነፍሳሉ። ኦክስጅን ባነሰ ቁጥር ጭራቸውን ይበልጥ ያስረዝማሉ። ፊዛ የተባለው ትንሽ ቀንድ አውጣ ሳንባ መሳይ ክፍል ስላለው ወደ ውሃው ገጽ ብቅ ብሎ አየር ይስባል። ኤሪስታሊስ የተባለው የዝንብ እጭ ደግሞ እንደ አይጥ ጭራ የሚረዝም የአየር ቱቦ አለው፤ ከፍሳሽ ቦይ ውስጥ ሆኖ ቱቦውን ወደ ላይ ቀስሮ ይተነፍሳል። እነዚህ እንስሳት ብክለትን «ይወዳሉ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ትክክል አይደለም። ብክለቱ ተፎካካሪዎቻቸውንና ጠላቶቻቸውን ስላስወገደላቸው፣ የሚበሰብሰው ጭቃም ምግብ ስለሆናቸው ይበዛሉ እንጂ።

ጀርመናውያኑ ኮልክቪትዝና ማርሶን እ.ኤ.አ. በ1909 ይህን ቅደም ተከተል መልክ ሰጥተው ባሳተሙት ሥራ፣ ከፍሳሽ መግቢያ በታች ያለውን ወንዝ እንደ ነዋሪዎቹ እንስሳት በቀጠናዎች ከፋፍለውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ፒርሰንና ሮዘንበርግ በባሕር ወለል ላይ ተመሳሳይ ሥርዓት አሳዩ፤ የበሰበሰ ነገር በብዛት ወደሚከማችበት ምንጭ በተቀረቡ ቁጥር የዝርያው ዓይነት እያነሰ ይሄድና፣ ካፒቴላን የመሳሰሉ ጥቂት ጽኑ ትሎች ብቻ በገፍ ይቀራሉ፤ ከዚያም አልፎ ሕይወት አልባ ጭቃ ይሆናል። የሰሜን አውሮፓ ፊዮርድና ከከተማ በታች ያለ የደጋ ወንዝ በጨውም በጥልቀትም አይገናኙም፤ ወለላቸው የሚናገረው ቋንቋ ግን አንድ ነው።

ያለ መርዝ የሚደርስ ጉዳት

ስለ አዲስ አበባ ዙሪያ ወንዞች ሲነሣ አስቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው የፋብሪካ ፍሳሽ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰበታ ከመዲናዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ ኢንዱስትሪ ከተሰባሰበባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ሆኖም ወለልን የሚገድል ነገር ሁሉ መርዝ አይደለም። ከድንጋይ ካባና ከግንባታ ቦታ በጎርፍ የሚታጠብ አፈር በራሱ ምንም ኬሚካል ሳይኖረው በጠጠሮች መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ያ ክፍተት ደግሞ መኖሪያ ቤት ነው፤ እጮቹ ከጎርፍ የሚሸሸጉበት፣ ሜዮፋውናው የሚመላለስበት፣ ኦክስጅን ያለው ውሃ ወደ ታች የሚሰርግበት ነው። ክፍተቱ ሲደፈን በጠርሙስ የተቀዳው ውሃ «ደህና» ሆኖ ሳለ ወለሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። በቡራዩ ዙሪያ ባሉ ተዳፋት ላይ ድንጋይ ማውጣትና ቤት መሥራት እየተስፋፋ በመጣበት ሁኔታ፣ ይህን ጉዳት የሚለየው የኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ሳይሆን የድንጋይ ሥር ነዋሪዎች ቆጠራ ነው።

የባሕር ዛፍ ጉዳይ በአጭሩ ይጠቀስ። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በእንጦጦና በአካባቢው የተተከለው ይህ ዛፍ ቅጠሉ ዘይትና ታኒን ስለሚበዛበት ውሃ ውስጥ ቶሎ አይበሰብስም፤ ቅጠል ቆርጣሚ ለሆኑ የወለል እንስሳትም ከአገር በቀል ዛፎች ቅጠል ያነሰ ምግብ ነው። ስለዚህ በባሕር ዛፍ መካከል የሚወርድ ጅረት ኩልል ያለ ቢሆንም በእንስሳት ረገድ ድኻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ቆጠራ ወደ ነጥብ ሲለወጥ

ዝርዝርን ወደ አንድ ቁጥር ለመለወጥ በብሪታንያ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተዘጋጀው ሥርዓት ቀላልነቱ አስተማሪ ነው። እያንዳንዱ የእንስሳት ቤተሰብ እንደ ስስነቱ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። የተገኙት ቤተሰቦች ነጥብ ተደምሮ ለቤተሰቦቹ ብዛት ይካፈላል። ለማሳያ ያህል በአንድ ጅረት ሄፕታጄኒዴ (10)፣ ኬኒዴ (7)፣ ሃይድሮሳይኪዴ (5)፣ ቤቲዴ (4) እና ኪሮኖሚዴ (2) ተገኙ እንበል፤ ድምሩ 28፣ አማካዩ 5.6 ይሆናል። በሌላው ፊዚዴ (3)፣ ኪሮኖሚዴ (2) እና የደለል ትሎች (1) ብቻ ቢገኙ ድምሩ 6፣ አማካዩ 2 ነው። በሁለተኛው ጅረት በአንድ ካሬ ሜትር አሥር ሺህ ትሎች ቢኖሩ እንኳ ውጤቱ አይለወጥም። ነጥቡ የሚጠይቀው ማን እንዳለ ነው እንጂ ስንት እንዳለ አይደለም።

ነገር ግን የብሪታንያን ሠንጠረዥ እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት ወደ ስሕተት ይመራል። ፕሌኮፕቴራ የተባሉት እጮች በአውሮፓ ቀዝቃዛ ጅረቶች የንጽሕና ዋና ምልክቶች ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ግን በተፈጥሮ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በዋናነት የሚታወቀው ኒዮፔርላ የተባለው ወገን ነው። የእነርሱን አለመኖር እንደ ብክለት ማስረጃ የሚቆጥር ሥርዓት ያልተነካ የደን ጅረትን ሳይቀር ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል።

በዚህ ረገድ መሠረት የጣለው ሃሪሰንና ሃይንስ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ኢትዮጵያ የተራራ ጅረቶችና ወንዞች የወለል እንስሳት ያሳተሙት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሰሎሞን አካሉ፣ ሥዩም መንግሥቱና ሥዩም ለታ እንስሳቱን በመጠቀም በትልቁ አቃቂ ወንዝ ላይ የደረሰውን የሰው ልጅ ተጽዕኖ መዝነዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የሰበታው ማዕከል ተመራማሪ አስቻለው ላቀውና በቪየና የሚገኙት ኦቶ ሞግ ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የተዘጋጀ «ኢትባዮስ» የተባለ የነጥብ ሥርዓት አቅርበዋል። የዚህ ሥራ ፋይዳ ነጥቡን ከአገሩ እንስሳት መነሣቱ ነው፤ በየወንዙ የተገኙትን ቤተሰቦች ከየቦታው የጉዳት መጠን ጋር አገናዝቦ ይመዝናል።

መለኪያው ራሱ ሲጠፋ

ማንኛውም የነጥብ ሥርዓት የሚቆመው በማነጻጸሪያ ጅረት ላይ ነው። «ይህ ወንዝ ምን ያህል ተጎድቷል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በተመሳሳይ ከፍታ፣ በተመሳሳይ አለትና የአየር ጠባይ ያለ፣ ያልተጎዳ ሌላ ወንዝ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ይህን ማግኘት ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ነው። ለሰበታና ለቡራዩ አቅጣጫ ቀሪው ተስፋ ከወጨጫ ተራራ፣ በተለይም ከመናገሻ ሱባ ደን የሚነሡት የጅረት ምንጮች ናቸው። በሱሉልታ በኩል ያለው ግጦሽ የበዛበት፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ስለሆነ የደን ጅረት ለዚያ ሜዳ ወንዝ ልክ አይሆነውም፤ ሌላ ማነጻጸሪያ ያስፈልገዋል። ተመራማሪዎች «በአንጻሩ የተሻለ» ቦታን እንደ ንጹሕ አድርገው ለመውሰድ ሲገደዱ መለኪያው ሳይታወቅ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የተጎዳ ወንዝ ይበልጥ ከተጎዳ ወንዝ ጋር ተነጻጽሮ «መልካም» ይባላል።

የእነዚህ ምንጮች ጥቅም በመለኪያነት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የክረምት ጎርፍ በየዓመቱ ከሰኔ እስከ መስከረም የወንዙን ወለል ጠርጎ ይወስዳል። በበጋ እንስሳቱ ተመልሰው የሚሞሉት በሁለት መንገድ ነው፤ አንዳንዶቹ ከላይኛው ጅረት በውሃ ተንሳፈው ይወርዳሉ፤ ሌሎቹ ክንፍ አውጥተው በርረው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። የላይኛው ምንጭ ከተበላሸ፣ ታች ያለው ፍሳሽ ሙሉ በሙሉ ቢቆምና ውሃው ቢጠራ እንኳ ወለሉን የሚሞላው ዘር ከቅርብ አይገኝም። በታችኛው አቃቂ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማው ገበሬም ሆነ አትክልቱን የሚገዛው የከተማ ነዋሪ፣ የወንዙ የማገገም አቅም ከዚህ ከፍታ ላይ መሆኑን ልብ የሚልበት አጋጣሚ የለውም።

የወቅቱ ጉዳይ ለናሙና አወሳሰድም ሕግ ያወጣል። በጎርፍ ማግስት የተወሰደ ናሙና ወንዙን ሳይሆን ጎርፉን ስለሚገልጽ፣ የሚመረጠው ውሃው ጠርቶና ቀንሶ እንስሳቱም ከተረጋጉ በኋላ ያለው የበጋ ወራት ነው። በሚፈስስ ጅረት ተመራማሪው ወደ ውሃው ገብቶ ከመረቡ ፊት ያለውን ጠጠር በእግሩ ያናውጣል፤ የተነቀሉትን እንስሳት ውሃው ራሱ ወደ መረቡ ያስገባቸዋል። እንደ ገፈርሳ ባለ የረጋ ውሃ ግን ያገሩ መሣሪያ መንጋጋው ነው፤ በስዊድናዊው ስቬን ኤክማን ስም የሚጠራውና በአብዛኛው 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነው መንጋጋ 225 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወለል ይዘግናል፤ የተቆጠረው በ44.4 ሲባዛ የአንድ ካሬ ሜትር ግምት ይሰጣል። ወጪው መረብ፣ ነጭ ሣህን፣ መቆንጠጫና አልኮል ነው። በደቡብ አፍሪካ «ሚኒሳስ» በተባለው ቀለል ያለ ሥርዓት ተማሪዎች 13 የእንስሳት ምድቦችን ብቻ እየለዩ የሰፈራቸውን ወንዝ ይመዝናሉ። በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር የሚጎድለው ገንዘብ ከመሆኑ ይልቅ፣ የአገሩን እጮች በሥዕል የሚያሳይ፣ በአገር ቋንቋ የተጻፈ የመለያ መጽሐፍ ይመስላል።

ከተቆጠሩ በኋላ እንስሳቱ አይጣሉም። ከ70 እስከ 80 በመቶ ባለው አልኮል በትንንሽ ብልቃጥ ተጠብቀው፣ የወንዙ ስም፣ ከፍታው፣ ቀኑና የናሙና ወሳጁ ስም ተጽፎባቸው ይቀመጣሉ፤ የዝርያው ስም ከዓመታት በኋላ ቢታረም ወይም አዲስ የነጥብ ሥርዓት ቢወጣ፣ ያ ወንዝ ራሱ ባይኖርም እንኳ ብልቃጡ ተከፍቶ እንደገና ይቆጠራል። መለያ ወረቀቱ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባልና።